ማሽኑ ሳይቆም ሲዛወር የመሣሪያዎቹ ነገር

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ጎንደር ውስጥ ባንክ፣ ማዘጋጃ ቤት ወይም ሆስፒታል መስኮት ላይ ቆሞ ያልሰማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ወረፋ የያዘው ሰው «ኔትወርክ ነው» ብሎ ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። አንዳንዴ ግን ሲስተሙ የጠፋው ሆን ተብሎ ነው። የሰርቨሩ ማራገቢያ ተበላሽቷል፣ ወይም ሜሞሪ ሊጨመርለት ነው፤ አይቲ ክፍሉ ዘግቶታል። ይህን መዝጋት ለማስቀረት የተበጀው ዘዴ ላይቭ ማይግሬሽን ይባላል። በአንድ ሰርቨር ላይ እየሠራ ያለ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር)፣ ተጠቃሚው ሳይሰማው፣ ወደ ሌላ ሰርቨር ይዛወራል። ዘዴው ለገበያ ከቀረበ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፕሮክስሞክስ በተባለው በነጻ በሚገኝ ሶፍትዌር ላይ እንኳ በአንድ ጠቅታ የሚሠራ ነው። ያም ሆኖ ዛሬም ይከሽፋል። ሲከሽፍ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው በአመዛኙ ወደ ሜሞሪው ሳይሆን ወደ መሣሪያዎቹ ነው፤ ወደ ዲስኩ፣ ወደ ኔትወርክ ካርዱ፣ ከሰርቨሩ ጀርባ ወደተሰካችው ትንሽ የዩኤስቢ ቁልፍ።

የሜሞሪው ጥያቄ መልስ ያገኘው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቴመር፣ ላንትዝ እና ቼሪተን «ቪ» በተባለው ሲስተም ላይ ባሳተሙት ሥራ ፕሮግራሙ ሳይቆም ሜሞሪውን ቀድሞ መቅዳት፣ በመሐል የተለወጠውን ደግሞ እንደገና መቅዳት፣ የቀረው ሲያንስ ለአፍታ አቁሞ መጨረስ የሚል መንገድ አሳዩ። ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ2003 ይህንኑ የሚሠራውን ቪሞሽንን ለገበያ አቀረበ። በ2005 ክሪስቶፈር ክላርክና የካምብሪጅና የኮፐንሃገን ባልደረቦቹ ዜን በተባለው ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስኬድ ሶፍትዌር) ላይ ተጫዋቾች እየተታኮሱበት ያለ የኩዌክ 3 ጌም ሰርቨር አዛወሩ፤ የተቋረጠው ለ60 ሚሊሰከንድ ያህል ነበር። በ2007 ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር ወደ ሊኑክስ ከርነል ሲገባ ነገሩ ለማንም ሊኑክስ ለሚጭን ሰው ተዳረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልሥራ፤ ለጎንደር ዓይነት ከተማ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው እሱ ነው። 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ማሽን በ1 ጊጋቢት መስመር ሲሄድ፣ በመሐል ምንም ባይለወጥ እንኳ፣ 512 ሰከንድ ይፈጃል፤ ወደ 9 ደቂቃ ማለት ነው። በ10 ጊጋቢት አንድ ደቂቃ አይሞላም። መብራት ሄዶ ዩፒኤሱ 10 ደቂቃ የሚይዝ ከሆነ በ1 ጊጋቢት መስመር ማዳን የሚቻለው አንድ ማሽን ነው፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ዳታቤዙ በሰከንድ ከ125 ሜጋባይት በላይ ሜሞሪ እየለወጠ ከሆነ 1 ጊጋቢቱ በጭራሽ አይደርስበትም። ከኬቪኤም ጋር አብሮ የሚሠራው ኪሙ የተባለው ፕሮግራም እንዲህ ሲያጋጥመው ፕሮሰሰሩን ሆን ብሎ በማዘግየት ለውጡን የሚቀንስበት አማራጭ አለው፤ ያኔ ማሽኑ አልቆመም ይባላል እንጂ መስኮቱ ላይ የቆመው ሰው ልዩነቱን አያየውም። ስለዚህ ላይቭ ማይግሬሽን የመብራት መጥፋት መድኃኒት ነው ብሎ ለአለቃው የሚያስረዳ ባለሙያ ቢጠነቀቅ ይሻላል። ዘዴው ለታቀደ ጥገና እንጂ ለድንገተኛ አደጋ የተሠራ አይደለም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ። የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ አቀማመጥ ነው። ጎንደር በፋሲል ዘመን ቋሚ መናገሻ ከመሆኗ በፊት የነገሥታቱ ሰፈር ተንቀሳቃሽ ነበር። ሰፈሩ ተነቅሎ ሌላ ሜዳ ላይ ሲተከል የንጉሡ ድንኳን መሐል፣ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ፣ ፊታውራሪው ከፊት ይሰፍር ስለነበር ባለጉዳይ አዲሱ ሜዳ ላይም ማንን የት እንደሚያገኝ ያውቃል። ቨርቹዋል ማሽንም መድረሻው ሰርቨር ላይ ሲነቃ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ኔትወርክ ካርዱ በነበረበት ማስገቢያ፣ ዲስኩ በነበረበት ቁጥር፣ ሁሉም በቦታው መገኘት አለበት። በኪሙ ዓለም መድረሻው ላይ ባዶ ማሽን አስቀድሞ ይከፈታል፤ የመሣሪያው ዝርዝርና የማሽኑ ዓይነት ከነስሪት ቁጥሩ ከመነሻው ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ የእያንዳንዱ መሣሪያ ሁኔታ ስምና የስሪት ቁጥር ተሰጥቶት በክፍል በክፍል ይላካል። መድረሻው የማያውቀው ክፍል ከመጣ «አልቀበልም» ብሎ ያቆማል። ደግነቱ፣ መድረሻው ሥራ እስካልጀመረ ድረስ መነሻው ላይ ያለው ሙሉ ማሽን ነው፤ ካቆመበት ይቀጥላል። በእኔ ግምት በዚህ ሁሉ ንድፍ ውስጥ ከሁሉ የሚደነቀው ይህ ወደኋላ የመመለስ መብት ነው። ከአሮጌ ስሪት ወደ አዲስ መሄድ እንጂ ከአዲስ ወደ አሮጌ መመለስ ዋስትና የለውም የሚለውን ግን አንዱን ሰርቨር ብቻ አሻሽሎ የሚተው ሁሉ ቢያስታውሰው ጥሩ ነው።

አቀማመጡ ቢመሳሰልም መሣሪያው ሥራ ላይ ነው፤ ይህን ጠጋ ብሎ ማየት ያሻል። ዛሬ አብዛኛው ቨርቹዋል ማሽን የሚጠቀመው ቨርትአይኦ የተባለውን የኔትወርክ ካርድና ዲስክ ነው፤ ሐሳቡን ረስቲ ራስል በ2008 በጽሑፍ አቅርቦታል። ማሽኑ ሊልካቸው የፈለጋቸውን ፓኬቶች በሜሞሪ ውስጥ በተዘጋጀ ክብ ወረፋ ላይ ይደረድራል፣ እስከ ስንተኛው እንደደረደረም ቁጥር ይጽፋል። ሃይፐርቫይዘሩ በበኩሉ እስከ ስንተኛው እንዳነሣ የራሱን ቁጥር ይይዛል። እንበል ማሽኑ እስከ 1,207 ደርድሯል፤ ሃይፐርቫይዘሩ ያነሣው እስከ 1,204 ነው። ወረፋውና 1,207 ሜሞሪ ውስጥ ስለሆኑ ከሜሞሪው ጋር ይሄዳሉ። 1,204 ግን ማሽኑ ውስጥ የለም፤ ያለው በሃይፐርቫይዘሩ ዘንድ ነው። የመሣሪያ ሁኔታ የሚባለው በዋናነት እንዲህ ያለው ነው፤ ማሽኑ የማያየው፣ ነገር ግን ከጠፋ ማሽኑን የሚያሳብድ ጥቂት ቁጥር። መድረሻው ይህን ካላወቀ የተላከውን ሊደግም ወይም ያልተላከውን ሊዘል ይችላል።

ለኔትወርክ ሦስት ፓኬት ቢጠፋ ዓለም አይናወጥም፤ ላኪው መልሶ ይልካል። ዲስክ ግን ይቅርታ አያውቅም። ስለዚህ መነሻው ሰርቨር ማሽኑን ካቆመ በኋላ ወደ ዲስክ የተላኩት ጽሑፎች በሙሉ እስኪያልቁ ይጠብቃል። ማከማቻው የዛለ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአንድ አሮጌ ስዊች ላይ የተንጠለጠለ የኤንኤፍኤስ ሰርቨር፣ ያ መጠበቅ ራሱ መቋረጡን ያረዝመዋል። ኪሙ ለመቋረጥ የሚፈቅደው ነባር ገደብ 300 ሚሊሰከንድ ነው፤ ግምቱ ግን በዋናነት የሚሰላው ከቀረው ሜሞሪ ነው፤ የዲስኩን መዘግየት አስቀድሞ አያውቅም። አንድ የሚገርም ጉዳይም አለ፦ ማከማቻው ሞልቶ ጽሑፍ ያልተሳካበት ማሽን «ቆሞ ይጠብቅ» በሚል ከተዋቀረ፣ ያ ያልተሳካ ጥያቄ ከመሣሪያው ሁኔታ ጋር አብሮ ተልኮ መድረሻው ላይ እንደገና ይሞከራል። ይህን ያሰበ ሰው ቆም ብሎ አስቧል። የዲስክ ፋይሉን ሁለቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉበት ደግሞ ኪሙ ከ2017 ጀምሮ ፋይሉን ይቆልፋል፤ መነሻው ይለቃል፣ መድረሻው ይይዛል። ቁልፉ አስቸገረ ብለው የሚያጠፉት አሉ፤ ባያደርጉት ይሻላል።

እስካሁን ያየነው መሣሪያው ባለበት ሲቆይ ነው። በጉዞው መሐል ራሱ ቢለወጥስ? ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ለውጡ ከሦስት ወገን ሊመጣ ይችላል፦ ከአስተዳዳሪው፣ ከማሽኑ ውስጥ ካለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ከውጭው ዓለም።

ከአስተዳዳሪው የሚመጣው በክልከላ ተፈትቷል። ማይግሬሽን ከተጀመረ በኋላ አዲስ ዲስክ ልሰካ ወይም ካርድ ልንቀል የሚል ትእዛዝ ለኪሙ ቢሰጠው እምቢ ይላል። ሊብቨርት የተባለው የአስተዳደር ሽፋንም ማሽኑ በጉዞ ላይ ሳለ ከመጠየቅና ከማቋረጥ የዘለለ ብዙ ነገር አይፈቅድም። መፍትሔው የረቀቀ አይደለም፤ ግን ከሁሉ የሚታመን ነው።

ከማሽኑ ውስጥ የሚመጣውን ግን መከልከል አይቻልም። አንድ አጋጣሚ ልሳል። የፈረቃው ባለሙያ ከአንድ ማሽን ላይ ሁለተኛው ዲስክ እንዲነቀል ያዝዛል። ትእዛዙ ወዲያው «እሺ» ይላል፤ ይህ «እሺ» ግን ጥያቄው ደረሰ ማለት እንጂ ዲስኩ ተነቀለ ማለት አይደለም። ዲስኩን የሚለቀው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ እሱ ደግሞ ባክአፕ እየሠራ ነው፣ አልለቀቀም። ባልደረባው ይህን ሳያውቅ ማይግሬሽኑን ይጀምራል። መድረሻው ማሽን ዲስኩን ጨምሮ ይከፈታል። ሜሞሪው ግማሽ ሲደርስ ባክአፑ ያልቅና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ዲስኩን ይለቃል። አሁን መነሻው ላይ ዲስኩ የለም፣ መድረሻው ላይ አለ። በመጨረሻዋ ቅጽበት ዝርዝሮቹ አይገጥሙም፤ ማይግሬሽኑ ይወድቃል። እድለኛ ከሆኑ ይወድቃል ማለቴ ነው፤ ሳይወድቅ አልፎ ማሽኑ «ለቅቄያለሁ» ያለውን ዲስክ መድረሻው ላይ ተሰክቶ ቢያገኘው ይከፋል። ፈውሱ የመንቀል ትእዛዝ «እሺ» ሲል ሳይሆን «መሣሪያው ተሰርዟል» የሚለው መልእክት ሲመጣ ብቻ ቀጣዩን መጀመር ነው።

ለአነስተኛ ለውጦች ሌላ መንገድ አለ፤ ለውጡን ይዞ መሄድ። የቨርቹዋል ሲዲ መክፈቻው ወጥቶ ከሆነ መውጣቱ ራሱን በቻለች ንዑስ ክፍል ተጽፎ ይላካል፤ ካልወጣ ንዑስ ክፍሏ አትላክም፣ አሮጌው ስሪትም አይደናገርም። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በ20 ዓመት ውስጥ ማሽኖች በስሪቶች መካከል መሻገር የቻሉት በእንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ጥንቃቄዎች ነው።

ሦስተኛው ወገን የውጭው ዓለም ነው። ማሽኑ በሰላም መድረሻው ላይ ነቃ፤ ስዊቹ ግን አሁንም በድሮው ወደብ ላይ ያለ መስሎታል። ስለዚህ ኪሙ ማሽኑ እንደነቃ በማሽኑ አድራሻ ስም «እዚህ ነኝ» የሚሉ አጫጭር መልእክቶችን ደጋግሞ ይረጫል፤ ስዊቹ ወደቡን ያርማል። አንዳንድ የደኅንነት ቅንብር ያለበት ስዊች ግን አንድ አድራሻ በድንገት ወደብ ሲቀይር እንደ አጭበርባሪ ቆጥሮ ይዘጋዋል፤ ያኔ ማሽኑ ሕያው ሆኖ ድምፅ አልባ ይሆናል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ማሽኑ በቆመባት ቅጽበት የውጭው ጊዜ ይሮጣል፤ የሁለቱ ሰርቨሮች ሰዓት የተለያየ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ሁለቱም ሰርቨሮች ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር ይያያዙ ማለት ለምን እንደሚደጋገም እዚህ ላይ ይገባል። ሌላው፣ የማከማቻው ኃላፊ ማይግሬሽኑን ሳያውቅ ዲስኩን ከሥር ቢያሰፋው፣ መነሻው የድሮውን መጠን ይዞ መድረሻው አዲሱን ያነባል፤ ማሽኑ ግን ማንም ስላልነገረው በድሮው ይቀጥላል። ማስፋቱ ጉዳት የለውም። ማጥበብ ቢሆን ግን ዳታ ይጠፋል።

አስቸጋሪዎቹ መሣሪያዎች ሃይፐርቫይዘሩ በራሱ የማያንቀሳቅሳቸው ናቸው። ፍጥነት ለመጨመር የኔትወርኩን ሥራ ለከርነሉ ወይም ለሌላ ፕሮግራም ሲሰጥ፣ ያ ወገን በማሽኑ ሜሞሪ ላይ በራሱ ይጽፋል፤ የጻፈበትን ገጽ ካላስመዘገበ ሜሞሪው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ የተለወጠው ገጽ ሳይላክ ይቀራል። ስለዚህ የራሱ የለውጥ መዝገብ እንዲይዝ ይገደዳል። የሰርቨሩን ፎልደር በቀጥታ ለማሽኑ የሚያጋራው ቨርትአይኦ-ኤፍኤስ ደግሞ የተከፈቱ ፋይሎችን ዝርዝር በውጭ ፕሮግራም ውስጥ ስለሚይዝ ለረጅም ጊዜ አይዛወርም ነበር፤ ይህን ሁኔታ ከዚያ ፕሮግራም ተቀብሎ የማስተላለፊያ መንገድ ኪሙ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው።

ከዚህ የባሰው እውነተኛ ካርድ ለማሽኑ በቀጥታ ሲሰጥ ነው። የካርዱን ሆድ ዕቃ የሚያውቀው አምራቹ ብቻ ነው፤ ሃይፐርቫይዘሩ «ሁኔታህን ንገረኝ» ከማለት ሌላ አቅም የለውም። በ2022 በወጣው ሊኑክስ 5.18 አምራቾች የሚስማሙበት አዲስ ሥርዓት ገባ፤ የመጀመሪያው ተጠቃሚም የሜላኖክስ ካርድ ድራይቨር ነበር። ካርዱ ከመሥራት ወደ መቆም፣ ከዚያ ሁኔታውን ወደ ማስረከብ፣ መድረሻው ላይ ወደ መቀበል ይሸጋገራል። በመካከል ያለችው ደረጃ ትማርካለች፦ ካርዱ አዲስ ሥራ አይጀምርም፣ ከሌላ ካርድ የመጣለትን ግን ይቀበላል። ሁለት ካርዶች እርስ በርስ እየተነጋገሩ አንዱን በድንገት ማስቆም ሌላውን መሐል መንገድ ላይ ስለሚጥለው ነው። አምራቹ ይህን ያልደገፈበት ካርድ፣ ማለትም በየቢሮው ያለው አብዛኛው ካርድ፣ አይዛወርም። በ2019 ኪሙ ለኔትወርክ ካርድ ብልሃት አበጀ፤ እውነተኛው ካርድ ከጉዞው በፊት ይነቀላል፣ ተጠባባቂ ቨርትአይኦ ካርድ ይተካዋል፣ መድረሻው ላይ ሌላ እውነተኛ ካርድ ይሰካል። ለጂፒዩ እንዲህ ያለ ተጠባባቂ የለም። ጉግል እንኳ በክላውዱ ላይ ጂፒዩ የተሰጣቸውን ማሽኖች ለጥገና ሲሆን ያቆማቸዋል እንጂ በላይቭ አያዛውራቸውም።

ወደ ጎንደር ልመለስ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ተቋም ነው፤ ዛሬ ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል በሚባሉ ግቢዎች በከተማዋ ተበታትኗል፣ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። ዳባት ላይ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የሕዝብ ጤና መረጃ የሚሰበስብ የምርምር ማዕከል አለው። ከዚያ አለፍ ሲሉ ደባርቅ ላይ ወጣቱ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። እንዲህ ዓይነት ተቋም ላይቭ ማይግሬሽንን ከቴዎድሮስ ግቢ ወደ ማራኪ ሊመኘው ይችላል፤ በግቢዎቹ መካከል የራሱ ፋይበር፣ አንድ የጋራ ኔትወርክና ሁለቱም የሚያዩት ማከማቻ ካለ ይቻላል። ከጎንደር አዲስ አበባ ግን ሌላ ነገር ነው። በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ ብቻ ወደ 7 ሚሊሰከንድ ነው፣ በየመሐሉ ያለው መሣሪያ ሲጨመርበት ይበልጣል። ሜሞሪው ይህን ይችለዋል። እያንዳንዱን ጽሑፍ በሁለቱም ከተሞች ዲስክ ላይ አረጋግጦ ብቻ የሚቀጥል ዳታቤዝ ግን ይዝላል። መስመሩ መሐል ላይ ቢቋረጥስ? ቅድመ ቅጂ በሚባለው በመደበኛው ዘዴ ማሽኑ መነሻው ላይ ይቀጥላል፣ የጠፋ የለም። ማሽኑን ቀድሞ አስነስቶ ሜሞሪውን ኋላ በሚያስመጣው የድኅረ ቅጂ ዘዴ ግን ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ይቀራል። ከ2018 ጀምሮ ኪሙ መስመሩ ሲመለስ ከቆመበት መቀጠል ይችላል፤ መብራት ሄዶ መነሻው ሰርቨር ከጠፋ ግን ማሽኑ ከነሜሞሪው ሄደ። መብራትና መስመር ሲቆራረጥ በሚውልበት ቦታ ድኅረ ቅጂን መምረጥ ቁማር ነው።

አንድ የአካባቢያችን ልማድም አለ። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፈቃድ በዩኤስቢ ቁልፍ ውስጥ ነው፤ ቁልፏ ከሰርቨር አንድ ጀርባ ተሰክታለች። አጭር መልእክት የሚልከው ሲስተም ሲም ካርድ ያለው ሞደም ይጠቀማል፤ እሱም እዚያው ነው። ማሽኑ ሰርቨር ሁለት ላይ ሲነቃ ቁልፏም ሞደሙም አይከተሉትም። ሲስተሙ ያኔ አይጮኽም፤ ፈቃዱን እስኪፈትሽ ድረስ ይሠራል፣ ከዚያ ተነሥቶ ይዘጋል። አይቲ ክፍሉ ደግሞ ጥፋቱን በማይግሬሽኑ ላይ ሳይሆን በሶፍትዌሩ ላይ ሲፈልግ ይውላል። እንዲህ ያሉትን መሣሪያዎች ዩኤስቢን በኔትወርክ በሚያጋራ ሳጥን ላይ ማውጣት፣ ወይም ማሽኑን «አይዛወርም» ብሎ ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ቪኤምዌር በኅዳር 2023 በብሮድኮም ከተገዛ በኋላ የአንድ ጊዜ ግዢ ፈቃድ ቀርቶ በየዓመቱ በዶላር መክፈል መጥቷል፤ የውጭ ምንዛሪ ነገር የታወቀ ስለሆነ ብዙ ቢሮ ወደ ፕሮክስሞክስና ወደ ማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ እያየ ነው። ይህ ሽግግር በላይቭ አይደረግም፤ የቪኤምዌር ኔትወርክ ካርድ ሁኔታ ለኪሙ ትርጉም የለውም። ማሽኑ ይዘጋል፣ ዲስኩ ይቀየራል፣ ድራይቨሩ አስቀድሞ ይጫናል፣ ይነሣል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ሁለት ሦስት ሰርቨርና አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ላለው የጎንደርና የደባርቅ ተቋም መሣሪያዎቹ በሙሉ ቨርትአይኦ ይሁኑ፣ የማሽኑ ዓይነት ስሪት ይታወቅ፣ ማይግሬሽን ከመጀመሩ በፊት ያልተጠናቀቀ መሰካት ወይም መንቀል አለመኖሩ ይታይ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 10 ደቂቃ መዝጋት የሚፈቀድለት ማሽን ይዘጋ፤ ላይቭ ማይግሬሽን የሚያስፈልገው ሌሊትም ቀንም መቆም የማይችለው ብቻ ነው። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሲስተም ከነዚህ አንዱ ነው። ኃላፊው በዚያ ማሽን ላይ የተሰኩትን መሣሪያዎች አሁኑኑ በወረቀት ጽፎ የሰርቨር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ሰርቨር ከባለ 10 ጊጋቢት ካርድ ጋር ይግዛለት።